በፎገራ ሜዳ ላይ በብስክሌት ስለ መሄድና ስለ መውደቅ

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ የምሞክረው፥ በወረታ ከተማና በዙሪያዋ ባለው በፎገራ ሜዳ ላይ ወጣቶች ከአስፋልት ወርደው በእግር መንገድ፥ በከብት መንገድና በሩዝ ማሳ ድንበር ላይ በብስክሌት ሲሄዱ የሚያጋጥማቸውን ነው። በተለይም እንዴት እንደሚወድቁ፥ ሲወድቁ የትኛው የአካል ክፍል እንደሚጐዳ፥ ከወደቁም በኋላ ማን ዘንድ ሄደው ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያገኙ እገልጻለሁ። የተወለድሁትም ያደግሁትም ወረታ ስለ ሆነ ከምጽፈው አብዛኛው በዓይኔ ያየሁትና በራሴም ላይ የደረሰ ነው። የቀረውን የነገሩኝ ሁለት ብስክሌት ጠጋኞች፥ በጉማራ አካባቢ ያገኘኋቸው እረኞችና አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ በሙያቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ።

አንባቢው ምናልባት፥ «ለተራራ ተብሎ የተሠራ ብስክሌት በሜዳ ላይ ምን አደጋ ያመጣል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይህን ጥያቄ ከኮሌጅ ጓደኞቼም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ፎገራ ላይ ሰውን የሚጥለው ገደል ሳይሆን አፈር ነው፤ አፈሩም በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠባዩን ስለሚለውጥ በክረምት የሚጥልበት መንገድ በበጋ ከሚጥልበት ፈጽሞ የተለየ ነው።

ስለ መሬቱ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ በኩል ተነሥተው ሜዳውን ያቋርጡና ጣና ይገባሉ። ሜዳው ራሱ እነዚህ ወንዞች ከደጋው እያጠቡ ባመጡት ደለል የተሞላ ነው። ወረታ በሁለቱ ወንዞች መካከል ትገኛለች። ከእርስዋም ሦስት መንገዶች ይለያያሉ፤ አንደኛው በጉማራ ድልድይና በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር፥ ሁለተኛው በርብ ድልድይና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጐንደር፥ ሦስተኛው በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ ወልድያ ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው በቻይናውያን እርዳታ የተሠራ ስለ ሆነ ሽማግሎች እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ሲሉት ይሰማል።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። የአፈር ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን አፈር ቨርቲሶል ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «የሚገለባበጥ» ማለት ነው። በውስጡ ያለው ጭቃ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ደግሞ ይኰማተራል። ሲኰማተርም መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እየጠለቀ እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ፥ አፉም የሰው እጅ እስኪያስገባ ሊሰፋ ይችላል። ከላይ ያለው የደረቀ ፍርፋሪ አፈር በነፋስና በከብት እግር እየተገፋ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ከሥር ያለው አብጦ ወደ ላይ ይገፋዋል። አፈሩ ራሱን በራሱ ያርሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንረግጠው የኖርነው መሬት እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠራ ያወቅሁት ግን እዚህ ኮሌጅ ገብቼ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሩዝ ነው። ሩዝ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ዛሬ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው። ቀድሞ ይህ ሜዳ በፎገራ ከብት የታወቀ የግጦሽ መሬት ነበር። ከብቱ ከመንደር ወደ ሐይቁ ዳር፥ ከሐይቁ ዳር ወደ መንደር እየተመላለሰ የረገጠው መንገድ ሰፊና ጠፍጣፋ ነበር ይላሉ እረኞቹ። ሩዝ ሲመጣ ግን ማሳው ውኃ እንዲያቁር በዙሪያው ዝቅተኛ የአፈር ግድብ ይሠራለት ጀመር፤ የከብቱም መንገድ በማሳና በማሳ መካከል ጠበበ፥ በአንዳንድ ቦታም ጨርሶ ጠፋና ሰዉ በግድቡ ጀርባ ላይ ይሄድ ጀመር። የግድቡ ጀርባ ለእግረኛ ይበቃል፤ ለብስክሌት ግን ጐማውን ብቻ እንጂ ስሕተትን የሚያስተናግድ ስፋት የለውም።

ስለ ብስክሌቱ

በወረታ «ማውንቴን» የሚባለው ወፍራም ጐማና ማርሽ ያለው ብስክሌት ነው። አብዛኛው የሚመጣው ብስክሌት ከሚበዛባት ከባሕር ዳር ሲሆን፥ ገዥው ከገዛው በኋላ ኋላው ላይ ዕቃ መጫኛ ያሠራለታል፤ ምክንያቱም ብስክሌቱ ለሽርሽር ብቻ ሳይሆን ሽንኩርት፥ ጀሪካንና ታናሽ ወንድም ለመጫንም ያገለግላል። ይህ ዓይነቱ ብስክሌት ስፖርት ሆኖ የተጀመረው በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ሲሆን፥ በ1976 እ.ኤ.አ. ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን ይዘው በአንድ ተራራ ቁልቁለት መወዳደር ጀመሩ። ውድድሩንም «ሪፓክ» አሉት፤ ትርጓሜውም «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ይህም በቁልቁለቱ ላይ የኋላው ፍሬን እጅግ ከመጋሉ የተነሣ ቅባቱ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ፥ ከያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አዲስ ቅባት መሙላት ግድ ስለ ነበረ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታው ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ።

በአገራችን የብስክሌት ስፖርት ስም ያገኘው ግን በአስፋልት ላይ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ዙር ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የአስፋልት ሰው ነው። ስለ አፈር መንገዳችንስ? በ1963 እ.ኤ.አ. ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደችው ደርቭላ መርፊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ፥ ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ይዛ በእግርዋ መሄድን መረጠች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሴትየዋ ዋልካን በሩቁ አውቃዋለች አልሁ።

በክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም በሜዳው ላይ በብስክሌት መሄድ የሚሞክረው ወይ አዲስ ሰው ነው ወይ የቸገረው ነው። እርጥብ ዋልካ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጐማው አንድ ዙር በዞረ ቍጥር አንድ ድርብ ጭቃ ይለብሳል፤ ከዚያም ጭቃው ከፍሬኑና ከፓራፋንጐው ጋር ይጋጭና ጐማው ይቆማል። ስለዚህ ልማድ ያላቸው ልጆች ክረምት ሲገባ ፓራፋንጐውን ይፈቱታል፥ ጭቃ መፋቂያ የሚሆን እንጨትም ከመቀመጫው ሥር ያስራሉ። በዚህ ወራት ሰው ብስክሌቱን ሲጋልብ ከሚታይበት ይልቅ ተሸክሞት ሲሄድ የሚታይበት ጊዜ ይበዛል።

የክረምት መውደቅ ብዙ ጊዜ በቀስታ ስለ ሆነ አይሰብርም፤ ነገር ግን ያቆስላል፥ ቁስሉም ጭቃና ፋንድያ ይገባበታል። ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ ቢሆንም እኔ ከስብራት ይልቅ እፈራዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ። የሚያሰጋው ደግሞ ውኃው ነው። ርብና ጉማራ በሐምሌና በነሐሴ ከዳር ሲወጡ ማሳውም መንገዱም ቦዩም አንድ ዓይነት ቡናማ ውኃ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጐርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ያፈናቀለ ነበር። እንዲህ ያለ ታላቅ ጐርፍ በሌለበት ዓመት እንኳ አንድ ጕልበት የሚደርስ ውኃ ከሥሩ ቦይ ይኑር ድንበር ይኑር አያሳይም። አንዱ ጠጋኝ እንደ ነገረኝ፥ በዚህ ወራት የሚመጣለት ብስክሌት ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም አለው፤ ቸርኬው ጠምሟል፥ ሰንሰለቱ ዝጓል፥ ባለቤቱም ብስክሌቱን ከውኃ ውስጥ ፈልጎ ያወጣበትን ታሪክ ሳያወራ አይሄድም።

በበጋ

ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ሜዳው ሲደርቅ ለብስክሌት የተዘጋጀ ይመስላል። ሰው የሚታለለውም በዚህ ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚያጋጥመው የኮቴ ጉድጓድ ነው፤ ከብት በጭቃው ላይ የረገጠው ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቀራልና ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠው ሰው እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። ይህ እጅን ያደነዝዛል፥ ብሎን ያላላል እንጂ አይጥልም። የሚጥለው ከጥር ጀምሮ እየሰፋ የሚሄደው ስንጥቅ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ እኩል አይደለም። መንገዱን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ጐማውን ነጠር አድርጎ ያሳልፈዋል። ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ጐማውን ይውጠዋል። የአስፋልት ብስክሌት ጐማ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የማውንቴን ጐማ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። በጥር ወር ወፍራሙ ጐማ ከስንጥቁ አፍ በላይ ተንሳፎ ያልፋል፤ በመጋቢት ግን ስንጥቁ ከእርሱም ይሰፋል። እረኞቹ የነገሩኝ አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጠቅሞኛል። ይኸውም፥ ከብት አዘውትሮ የሚሄድበት መንገድ ስንጥቁ በዱቄት አፈር ስለሚሞላ ደልዳላ ይመስላል፤ ግን ዱቄቱ አፉን ብቻ የሸፈነው እንጂ ከሥሩ ባዶ የሆነ ቦታ አለ። በሩዝ ውስጥ ወይም ከሩዝ በኋላ የተዘራ ጓያ ካለ ደግሞ ቅጠሉ ስንጥቁን ጨርሶ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ስንጥቁ የሚታይበት ቦታ ከማይታይበት ቦታ ይሻላል።

ከዚህ በተረፈ በሽንኩርት ማሳ አጠገብ ከውኃ መሳቢያ ሞተር የሚወጣ ቱቦ መንገዱን አቋርጦ ይጋደማል፤ የግራር እሾህ የውስጥ ጐማ ይበሳል፤ ውሻም ያባርራል። ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

በእኔ ላይ የደረሰው

በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ከወረታ ወደ ናበጋ አቅጣጫ እንሄድ ነበር። በአንድ የጓያ ማሳ አጠገብ ከፊታችን ከብት መጣ። እረኛው ትንሽ ልጅ ስለ ነበረ ከብቱን ማስቆም አልቻለም፤ እኔም ፍጥነቴን ሳልቀንስ ወደ ማሳው ጠርዝ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ብስክሌቱ እንደ ቆመና እኔ እንዳልቆምሁ ነው። የፊተኛው ጐማ እስከ ግማሽ ቸርኬው ድረስ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። በመሪው ላይ ተገልብጬ በግራ እጄ መዳፍ ላይ ወደቅሁ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ጓደኛዬ ደንግጦ የፊቱን ፍሬን ጨበጠና እርሱም በእኔ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወ።

እጄ ወዲያው አላበጠም። በዚያው ቀን አንድ የሕክምና ቦታ ሄድሁና በራጅ ታየሁ፤ «አልተሰበረም፥ ወለምታ ነው» ብለው የሕመም ማስታገሻ ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥቃይ እንቅልፍ ስለ ከለከለኝ አባቴ በሰፈሩ ወደ ታወቁት ወጌሻ ወሰደኝ። ሽማግሌው እጄን በቅቤ እያሹ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳቡ፤ ከዚያም አራት ስንጥቅ ሸምበቆ ዙሪያውን ደርድረው በጨርቅ አሰሩት። ማሰራቸው የልምድ ማሰር ነበር። ሲያሽሉኝም እንደ ልጃቸው እያባበሉኝ ስለ ነበረ ከሕክምና ቦታው ይልቅ እዚያ ተጽናናሁ።

ማታ እጄ አበጠ። ጨርቁ ግን አብሮ አይሰፋም። በሌሊት ጣቶቼ መጀመሪያ ተወጉ፥ ቀጥሎ ደነዘዙ፥ ቀጥሎም ቀዘቀዙ። አባቴ «አጥንት ሲገጥም ያማል፤ ወንድ አይደለህም እንዴ፥ ቻለው» አለኝ። እናቴም ዝም አለች። ያዳነችኝ ታላቅ እኅቴ ናት፤ በጤና ትምህርት ላይ ስለ ነበረች ኩራዝ አቅርባ ጥፍሮቼን ተጫነች፥ ነጭ ሆነው ሲቀሩ አየች፥ ማንንም ሳታስፈቅድ ጨርቁን በመቀስ ቀደደችው። ጣቶቼ ሙቀት ሲመለስላቸው ያደረጉኝን ሥቃይ ለመግለጥ ቃል የለኝም።

ከሦስት ወር በኋላ እጄ ስላልተሻለው ባሕር ዳር ሄጄ እንደገና በራጅ ታየሁ። ያን ጊዜ የተሰበረው ምን እንደ ሆነ ታወቀ።

ሲወድቁ የሚሰበረው

ሰው ወደ ፊት ሲወድቅ ፊቱን ለማዳን እጁን ይዘረጋል። ይህን አታድርግ ቢሉት አይሰማም፤ አካሉ ከአሳቡ ይቀድማልና። ስለዚህ የብስክሌተኛ ስብራት አብዛኛው ከመዳፍ እስከ ትከሻ ባለው መስመር ላይ ነው። ኀይሉ መዳፉ ላይ ካለቀ የእጅ አንጓ ይሰበራል፤ ወደ ላይ ከተሻገረ ወይም ሰውየው በትከሻው ከወደቀ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የምትሄደው አጥንት ትሰበራለች ወይም ትከሻ ይወልቃል።

የእኔ ስብራት በእጅ አንጓ ውስጥ ከአውራ ጣት ሥር ባለችው ትንሽ አጥንት ላይ ነበር። ሐኪሞች ስካፎይድ የሚሏት ሲሆን ስሟ ጀልባ ከምትመስለው ቅርጿ የመጣ ነው፤ የጣና ሰው ታንኳ ሊላት ይችላል። ይህች አጥንት ሁለት ክፉ ጠባይ አላት። አንደኛ፥ ስብራቷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ አውራ ጣት ሥር ያለው ጐድጓዳ ቦታ ሲነካ የሚያም ከሆነ፥ ራጁ ደኅና ቢልም እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና መታየት አለበት። ሁለተኛ፥ ደም የሚገባባት ከጣት በኩል ካለው ጫፍ ወደ ኋላ ነው፤ በመካከል ስትሰበር የኋለኛው ቁራሽ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው የሕክምና ቦታ ስብራቱን በራጁ ላይ አለማየቱ ብዙ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ «ተመልሰህ ና» ሳይለኝ መቅረቱ ግን ዛሬም ያናድደኛል። ወጌሻውም ተሰብሯል ማለታቸው ትክክል ነበር። የግራ እጄ አንጓ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም።

ከአጥንት ሌላ ተደብቆ የሚቀር ጉዳት የመሪው ጫፍ የሚያደርሰው ነው። ሰው ሲወድቅ መሪው ይዞርና ጫፉ ሆዱን ይወጋዋል። በቆዳው ላይ የሚታየው አንዲት ክብ ሰንበር ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ከውስጥ ግን ጣፊያ፥ ጉበት ወይም ቆሽት ሊጐዳ ይችላል። በተለይ ልጆች ሆዳቸው ስስ ስለ ሆነ ይብሳል። ጣፊያ ሲቀደድ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስስ ልጁ ለሰዓታት ደኅና መስሎ ቆይቶ በድንገት ሊገረጣና ሊያልበው፥ በግራ ትከሻውም ላይ ሕመም ሊሰማው ይችላል። በወረታ ብዙ ብስክሌቶች የመሪ ላስቲካቸው አልቆ ባዶ ቱቦ ሆነው ይታያሉ። ጠጋኞቹን ስጠይቃቸው ለፍሬን ጐማ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለመሪ ላስቲክ እንደማይከፍል ነገሩኝ። አንዱ ጠጋኝ አሮጌ የውስጥ ጐማ ቈርጦ በነጻ ያስገባላቸዋል፤ ይህም ከቆሻሻ የሚወጣ ስለ ሆነ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው።

ራስን በሚመለከት የሚባለው አጭር ነው። የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ በሜዳው ላይ የሚሄድ ሰው አላየሁም፤ እኔም ያን ጊዜ አላደረግሁም። ራሱን ተመትቶ ጥቂት ቆይቶ የነቃ ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያ ሌሊት ብቻውን መተኛት የለበትም፤ ደም በራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላልና። ማስመለስ፥ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትና አለልክ መተኛት ሲታይ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ስለ ወጌሻና ስለ ማሰሪያው

ወጌሻዎችን መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ አሳብ አይደለም። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ፤ ዋጋቸው ቀላል ነው፥ ቤታቸውም ቅርብ ነው፥ በሽተኛውንም በዘመድ ወግ ይቀበላሉ። ነገር ግን ጠብቆ የታሰረ የሸምበቆ ማሰሪያ የእጅን ወይም የእግርን ደም ዘግቶ አካሉን እንደሚያሞትና በአገራችን ሆስፒታሎች ለእጅና ለእግር መቈረጥ ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደ ሆነ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ምክንያቱም ቀላል ነው። የተሰበረ እጅ ዋናው እብጠቱ የሚመጣው ከታሰረ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ማሰሪያው ካልሰፋ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፥ የደም ሥርም ይዘጋል። ሥጋው ደም ካጣ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ የሚሞት ክፍል አለው። አንድ ሌሊት ከዚያ ይረዝማል።

በዚህ ዓመት በዕረፍት ጊዜ ወደ ሽማግሌው ወጌሻ ተመልሼ ሄድሁ። ያሰሩኝ እርሳቸው መሆናቸውንና ሌሊት የሆነውን ነገርኋቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩትና፥ «ልጄ፥ የዳነው ሰው ለምስጋና ይመጣል፤ ያልዳነው አይመጣም። እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። «አባ፥ ጣት ሲቀዘቅዝ ፍቱት ብለው ለቤተ ሰቡ ቢነግሩስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱማ ምን ገዶኝ፤ ለፈታ ሰው ግን መልሶ ማን ያስርለታል? በማግሥቱ ይምጣ እንጂ» አሉ። ከዚያም የሚታየውን ምልክት አንድ በአንድ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ተማርሁት ነገርኋቸው፤ ከታሰረው በታች ያለው ጣት ሲቀዘቅዝ፥ ሲደነዝዝ፥ ሲገረጣ ወይም ሲጠቁር፥ ጥፍሩ ተጭነው ሲለቁት ቶሎ ቀይ ሳይሆን ሲቀር፥ ከሁሉ ቀድሞ ደግሞ ሌላ ሰው ጣቱን ቀስ ብሎ ሲያቃናው ከስብራቱ ሥቃይ የባሰ ሥቃይ ሲሰማ፥ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ መፈታትና ሰውየው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ሽማግሌው የመጨረሻውን ምልክት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

አሁን ስለ ቁስሉ። የቴታነስ ተሕዋስ በአፈርና በእንስሳት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ፎገራም አፈርና ከብት ያልተለዩበት አገር ነው። በአገራችን የቴታነስ ክትባት በተለይ የሚሰጠው ለሕፃናትና ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች ነው። በብስክሌት የሚወድቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ወጣት ነው፤ እርሱም በልጅነቱ የተከተበው ቢሆን እንኳ ኀይሉ ከጊዜ ጋር ስለሚደክም መታደስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጭቃ የገባበት ቁስል በብዙ ንጹሕ ውኃና ሳሙና ከታጠበ በኋላ፥ ትንሽ ቢሆንም፥ ስለ ክትባቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ቁስሉ ላይ ዐመድ ወይም ፋንድያ ማድረግ በሽታውን በእጅ መጋበዝ ነው። በሽታው ከጀመረ በኋላ መንጋጋን የሚቈልፍና በሠለጠነ ሆስፒታልም ብዙ ሰው የሚገድል ነው። ከስብራት ይልቅ የክረምቱን ጭረት እፈራዋለሁ ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ደብረ ታቦር ቁልቁለት

ሜዳ የሰለቻቸው ልጆች ብስክሌታቸውን በመኪና ጭነው ደብረ ታቦር ይወጡና ወደ ወረታ ይወርዳሉ። ደብረ ታቦር ከፍታው 2,700 ሜትር ያህል ስለ ሆነ 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ላይ ወደ 900 ሜትር ይወረዳል። በዚህ ላይ አደጋው መኪናውና ፍሬኑ ነው። ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ እንደ ካሊፎርኒያዎቹ ያግለዋል፤ በርካሽ ብስክሌት ላይ ያለው የፍሬን ጐማ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ለጥቂት ጊዜ ፈጽሞ አይዝም። ሁለቱንም ፍሬን እያፈራረቁ ያዝ ለቀቅ ማድረግ፥ የፊቱንም ብቻውን በድንገት አለመጨበጥ ይሻላል።

በሜዳው ላይ ግን ልማድ ያላቸው የሚያደርጉት ሌላ ነው። ከጥር በኋላ የጐማውን ነፋስ ጥቂት ያጐድላሉ፤ ጐማው እንዲሰፋ ነው፤ ብዙ ካጐደሉት ግን የኮቴው ጉድጓድ የውስጡን ጐማ ከቸርኬው ጋር ይቈነጥጠዋል። ዓይናቸውን ከጐማው ፊት ሳይሆን ዐሥር ርምጃ ያህል አርቀው ያኖራሉ። ስንጥቅ ሲያዩ መሪውን አዙረው በቀጥታ ያቋርጡታል እንጂ ጐን ለጐን አይሄዱም፤ ሲያቋርጡም ከመቀመጫው ተነሥተው ክብደታቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። ከብት ሲመጣ ወርደው ይቆማሉ። ይህን የመጨረሻውን እኔ የማደርገው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ በናበጋ መንገድ ያ እረኛ ልጅ፥ አሁን ጐረምሳ ሆኖ፥ ባየኝ ቍጥር ከብቱን ሳይሆን እኔን «ቁም!» እያለ ይስቅብኛል።